ሲዲ የማይጎርስ ኮምፒውተር

ልጄ ህሊና አዲሱን ኮምፒውተሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ጎኑን መዳበስ ነበር። ቀኙን ዳበስኩ፣ ግራውን ዳበስኩ፣ አዙሬ ጀርባውን አየሁ። በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን እንደሚያይ እኔም አፉን እየፈለግኩ ነበር። አፍ የለውም። ቀጭን ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ዋጋውን ስትነግረኝ ደግሞ «በዚህ ብር እኮ በእኛ ጊዜ ቦንጋ ላይ ቤት ከነጓሮው ይገዛ ነበር» ብያት ስቃብኛለች። ግን አፍ የለውም። በአንድ እጄ ከቁም ሳጥኑ ያወጣሁትን ሲዲ በላስቲክ እንደተጠቀለለ ይዤ፣ በሌላው የብረቱን ጠርዝ እየዳበስኩ ቆሜ ቀረሁ።

«ምን ፈልገህ ነው አባዬ?» አለችኝ።

«በየት በኩል ነው የሚጎርሰው?»

«ምኑን?»

«ሲዲውን ነዋ!»

ልትስቅ አፏን ከፈተችና የያዝኩትን አይታ ተወችው። «ይሄ እኮ የለውም። አሁን የሚመጡት ሁሉ የላቸውም። ማን ይጠቀምበታል?»

ማን ይጠቀምበታል! እኔ ልጠቀምበት ነዋ። እሷም ልትጠቀምበት ነው፤ ከጅማ ድረስ የመጣችው ለዚሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ህሊና የመጨረሻ ልጄ ናት፤ ከፋሲካ በኋላ ታገባለች። እናቷ አስቴር ከተለየችን ዓመታት አልፈዋል። ታላቋ መቅደስ ስታገባ ግን አስቴር ነበረች። በመልሱ ዕለት እዚሁ ግቢያችን ውስጥ በተተከለው ድንኳን፣ መቅደስ ጉልበቷን ልትስም ዝቅ ስትል ራሷ ላይ እጇን ጭና መረቀቻት። ህሊና ያን ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ ምርቃቱ ሲወርድ እናቷ ጭን ላይ እንቅልፍ ጥሏት ነበር። ሠርጓ ከተቆረጠ ወዲህ በስልክ የምታነሳው ይህንኑ ሆነ። «ተኝቼ አመለጠኝ አባዬ። አሁን እኔን የምትመርቀኝ እናት የለችኝም። በመልሴ ቀን የእማዬን ድምፅ በስፒከር ላሰማውና እኔንም እንደመረቀችኝ ይቆጠርልኝ» አለችኝ። መቅደስን ብንጠይቃት «እያለቀስኩ ነበር፣ ምን ሰማሁ ብለህ ነው» አለች፤ የእሷ ሲዲ በቤት ለውጥ ጠፍቷል። በቦታው የነበሩት ሽማግሌዎችም አብዛኞቹ አልፈዋል። እኔ ግን ኮራሁ። «ምን ያስጨንቅሻል? የኛ ሲዲ አለ! ስንት ጊዜ የሰማሁት ምርቃት መሰለሽ፤ ቃል በቃል ጆሮዬ ላይ አለ» አልኳት። «እስቲ ምን አለች፣ ንገረኝ» ብላ ለመነችኝ። «ከኔ አፍ ምን ያደርግልሻል? ከራሷ ትሰሚያለሽ» አልኩ። አጉል ኩራት ነበር፤ ይኸው አፍ በሌለው ኮምፒውተር ፊት አቆመኝ።

እኔ የጎጃም ሰው ነኝ። ቦንጋ የመጣሁት በመምህርነት ተመድቤ ነው፤ ትንሽ ቆይቼ ዝውውር እጠይቃለሁ ያልኩ ሰው ይኸው ሸመገልኩባት። መጀመሪያ ያሰለቸኝ ዝናቧ ነበር። ዛሬ ታጥቦ የተሰጣ ሸሚዝ ከነገ ወዲያም እርጥብ ነው፤ ጫማ አልጋ ሥር ከረሳህ በሳምንቱ አረንጓዴ ፂም አብቅሎ ታገኘዋለህ። ሁለተኛው ያቃተኝ ቋንቋው ነው። የአገሩን ልጅ አስቴርን ያገባሁ ጊዜ ካፊኖኖን በዓመት እችላለሁ ብዬ ፎክሬ ነበር። ከሰላምታና ከገበያ ቁጥር አላለፍኩም። አማቾቼ ተሰብስበው ሲጨዋወቱ እኔ የምስቀው ሰው ሲስቅ እያየሁ ነው። ያን ጊዜ አስቴር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ትልና «የሚሳቀው እኮ በአንተ ነው» ትለኛለች። ከዚያ ሙሉውን በአማርኛ ትነግረኛለች፤ እኔም ከሁሉም ዘግይቼ ለብቻዬ እስቃለሁ፤ እነሱ ደግሞ በዚያ እንደገና ይስቃሉ። ዕድሜዬን የኖርኩት እንዲህ ነው፤ ጆሮዬ ከእሷ አፍ አጠገብ ሆኖ።

የሲዲ ዘመን የምለው የደስታችንን ዘመን ነው። ያን ጊዜ ከመናኸሪያው ወረድ ሲሉ ቪዲዮ ቤቶቹ ተደርድረው ነበር፤ ሁሉም በራቸው ላይ ትልቅ ስፒከር አውጥተው፣ አንዱ የአንዱን ዘፈን እየጨፈለቀ። ወንዶቹ ጫፉ አራት ማዕዘን የሆነ ጫማና ትከሻው የሰፋ ኮት ነበር የሚለብሱት፤ ኮቱ እጅጌ ላይ የፋብሪካው ጨርቅ እንዳይነሳ ይጠነቀቁለት ነበር፣ አዲስነቱ እንዲታወቅ። ፊልም ለአንድ ሌሊት በሁለት ብር ይከራያል፣ መታወቂያ ይያዛል። እኔ ስንቴ መታወቂያዬን እዚያ ረስቼ ከባንክ ቤት በር ተመልሻለሁ። ወጣቶቹ ደግሞ «በርን አስደርገህ አምጣ» የምትል አነጋገር አምጥተው ነበር፣ ሲዲ ላይ አስቀድተህ ለማለት፤ ቃሉ ግን በእንግሊዝኛ ማቃጠል ነውና አንዲት ጎረቤታችን ልጇን «ምኑን ነው የምታቃጥለው?» ብላ በጥፊ ልትለው ስትል ደርሼ ያስረዳኋት እኔ ነኝ። በትምህርት ቤታችን የመጀመሪያዎቹ ኮምፒውተሮች የመጡትም ያኔ ነው። ክፍሉ ውስጥ የሚገባው ጫማ ተወልቆ ነበር። ባለ ጥልፍ ልብስ ለብሰው ተቀምጠው እንደ ታቦት ነው የምናያቸው። አንዱን ቁልፍ ስንነካው ፊቱ ተከፍቶ ያ መሳቢያ ብቅ ሲል ርዕሰ መምህራችን ወደ ኋላ ዘለለ። «አፉን ከፈተ!» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ አፍ ሆኖ ቀረ። «አፉን ክፈተው»፣ «ጎረሰ»፣ «አልጎረሰም»፣ «ተፋው» እንላለን። ዛሬም የትምህርት ቤታችን የድሮ መምህራን ስንገናኝ ሌላ ስም አናውቅለትም።

የመቅደስን ሠርግ የቀረጸው ተስፋዬ ነበር። ቦንጋ ውስጥ ከእሱ የሚስተካከል ቪዲዮ አንሺ አልነበረም፤ ለየትኛው ሥዕል የትኛውን ዘፈን እንደሚያጋጥም ያውቅበታል ይባላል። ሲዲውን ሲያስረክበን ሽፋኑ ላይ ሙሽሮቹን ባሕር ዳርቻ አቁሟቸው አገኘናቸው፤ ዘንባባ አለ፣ ፀሐይ ትጠልቃለች፣ ቀያይ ልቦች ይበራሉ። «ባሕሩ ከየት መጣ?» አልኩት። «ያምራል ብዬ ነው ጋሼ» አለኝ። ፏፏቴ በሞላበት አገር፣ ጫካው ደጃፋችን ድረስ በመጣበት አገር፣ ባሕር አስመጣልን! አስቴር ግን ወደደችው። «ልጄ ባሕር ታየች» ብላ ለጎረቤት ሁሉ አሳየች። ለአጠራረጉም ተስፋዬ ሥርዓት አስተምሮናል፤ «ከመሃል ወደ ዳር እንጂ እያዞሩ አይጥረጉት» ብሎ። እኔ እተነፍስበትና በነጭ ካናቴራዬ ጠርዝ ከመሃል ወደ ዳር እጠርገዋለሁ፣ አስቴር ደግሞ «ቀስ!» እያለች ትቆጣጠረኛለች።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ምሳ በልተን የሲዲ ማጫወቻ ዴኩን እንከፍታለን። ሌላ ፊልም አያምራትም፤ የመቅደስን መልስ ነው የምታየው። ወንበሯን ከኔ ወንበር ጎን ታስጠጋለች። ከሰዓት ሲሆን ደግሞ እንደተለመደው ዝናቡ ይመጣል፣ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰው ከሰው አይደማመጥም። እሷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ነበር ሁሉን የምታወራኝ። «ያችን እያት፣ ነጠላዋን ገልብጣ ለብሳለች፤» «ይሄ ያጎቴ ልጅ ስንት ጊዜ ነው የሚበላው፣ ካሜራው በዞረ ቁጥር እያላመጠ ነው!» ምርቃቱ ጋ ስንደርስ ዝም ትላለች ብዬ እጠብቃለሁ፤ እሷ ዝም አታውቅም። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ትንሽ ሻከር ያለ፣ «ጨ» ላይ ጠንከር የሚል፣ ሳቅ የቀደመው። ከሞተች በኋላ ያጽናናኝ የነበረው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ድምፅዋ ሲዲው ላይ አለ የሚለው ሐሳብ ነው። ፎቶግራፍ ሁሉም ሟች አለው፤ የኔ ሚስት ግን ድምፅዋ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ነው እያልኩ ነበር የምተኛው።

ታዲያ ለምን አላዳመጥከውም ትሉኝ ይሆናል። መጀመሪያ አልደፈርኩም። በኋላ ልድፈር ስል፣ መብራት ጠፍቶ በኃይል ሲመጣ ዴኩን አቃጠለው። ጠጋኙ «ጋሼ፣ የዚህ ዕቃ የለም፣ ይጣሉት» አለኝ። ያኔም አልተጨነቅኩም፤ ኮምፒውተር ሁሉ አፍ አለው ብዬ አምን ነበርና። ዓለም አፏን እየዘጋች መሆኑን ማን ነገረኝ? ቪዲዮ ቤቶቹ አንድ በአንድ ሚሞሪ መጫኛ ሆኑ፣ ከዚያ የሞባይል ካርድ መሸጫ፣ አሁን አንዱ ሥጋ ቤት ነው። ሲዲዎቹ የት እንደገቡ ማየት ከፈለጋችሁ በበቆሎ ወቅት ከከተማው ወጣ በሉ፤ ወፍና ጦጣ እንዲያስበረግጉ በገመድ ተንጠልጥለው ሲብለጨለጩ ታገኟቸዋላችሁ። ባጃጆቹም ኋላቸው ላይ ለጥፈዋቸዋል። የስንቱ ሠርግ በበቆሎ ማሳ መሃል ሲሽከረከር እንደሚውል እግዜር ይወቀው።

ህሊና ኮምፒውተሯን ስትከላከል ያቀረበችልኝ ክርክር መጥፎ አይደለም። አፉ ከሌለ ይቀጥናል፣ ይቀልላል፣ ባትሪው ይበረክታል፤ ሥራው ሁሉ በኢንተርኔትና በፍላሽ ሆኗል፤ ዓመት ሙሉ ለማይነካ ነገር ምን ቦታ ይያዛል? እኔም የሰው ክርክር የማልሰማ ሽማግሌ አይደለሁም። ግን የዕድራችን ድንኳንም ዓመት ሙሉ ተጣጥፎ መጋዘን ውስጥ ይከርማል፤ «ዘንድሮ ማንም አልሞተምና እንሽጠው» ያለ ሰው አላጋጠመኝም። የማይዘወተር ነገርና የማያስፈልግ ነገር ለየቅል ናቸው። «እሺ አባዬ፣ በገመድ የሚሰካ አለ እኮ፤ ለብቻው ይሸጣል» አለችኝ። «ይሸጣላ! አፉን ቆርጠው ለብቻው ሸጡልን!» አልኳት። ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ። ሳቁ ግን ሲዲውን አላስከፈተልንም።

ከዚያ በኋላ የተንከራተትነውን ባልናገር ይሻላል፤ ግን ልናገረው። ፎቶ ኮፒ ቤቷ ያለችው ልጅ ሲዲውን አገላብጣ አየችና «ፍላሽ የለዎትም አባባ? ካልሆነ በቴሌግራም ይላኩልኝ» አለችኝ። «ልጄ፣ በቴሌግራም የምልከው ቢሆን ዝናብ እየመታኝ እዞር ነበር?» ብያት ወጣሁ። ድሮ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ሄድኩ። ባለ አፎቹ ኮምፒውተሮች አሉ፣ በመስኮት አየኋቸው፣ ስቶር ውስጥ ተደራርበዋል፤ አንዳንዱ ያ የጥልፍ ልብሱ እንኳ አልተገፈፈም። የንብረት ክፍሏ ሴትዮ በአክብሮት ተቀበለችኝ። «የሚወገዱ ናቸው መምህር፤ ኮሚቴ ተቋቁሞላቸዋል። ኮሚቴው ሳይወስን በሩ አይከፈትም» አለች። «ኮሚቴው መቼ ይሰበሰባል?» «ሰብሳቢው ተዛውሯል።» ሻይ ጋበዘችኝ፣ ጠጥቼ ተመለስኩ። የህሊና እጮኛ ደግሞ ደግ ልጅ ነው፤ ያንን በገመድ የሚሰካውን ከጅማ በሚኒባስ ላከልን። ተሰካ፣ ጎረሰ፣ ግርርር አለ፣ ቆመ፣ እንደገና ግርርር አለ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ዲስክ አስገቡ ብሎ ጻፈ። ጎርሶ አልጎረስኩም አለ! ሲዲውን አውጥቼ ወደ ብርሃን ስይዘው ዳር ዳሩ ላይ እንደ ድር ያለ ነጭ ነገር ሄዶበታል። የቦንጋ ሻጋታ! ጫማዬን የበላው ሻጋታ ወደ አስቴር እየተጓዘ ነበር። ከመሃል ወደ ዳር፣ ከመሃል ወደ ዳር ጠረግኩት፤ «ቀስ!» የሚለኝ አልነበረም።

ተስፋዬን ያገኘሁት አንድ የባጃጅ ሹፌር ሳናግር ነው። ባጃጁ ኋላ ላይ የተለጠፈውን ሲዲ አይቼ ወሬ ስጀምር «ቪዲዮ አንሺው ተስፋዬ? ዋጫ ከተማ ነው ያለው፣ ቡና ነጋዴ ሆኗል» አለኝና ስልኩን አፈላልጎ ሰጠኝ።

«ጋሼ! እንዴት ሰነበቱ? አሉ?» አለኝ ተስፋዬ ድምፄን እንደሰማ።

«እኔስ አለሁ። አፍ ያለው ኮምፒውተር አለህ ወይ?»

ሳቀ፣ ወዲያው ገባው። «አሮጌዋ አለች። ልጆቼ ለቆርቆሮ ገዢ ሊሰጧት ሲሉ አስጥዬ ነው ያኖርኳት። ኑ፣ ይምጡ።»

ቅዳሜ ከህሊና ጋር ሚኒባስ ተሳፈርን። ሲዲውን በሁለት ላስቲክ ጠቅልዬ ደረት ኪሴ ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ ሰው ሲገፋኝ በክንዴ እከልለዋለሁ። መስኮቱ በጉም ተሸፍኖ ዛፎቹ ብቅ እያሉ ይጠፋሉ። ሺሺንዳ ስንደርስ ገበያው ደርቶ ነበርና መኪናው ቆመ፤ የሙዝ ዘለላና የቡና ጆንያ ተጫነብን፣ አንዲት ሴትዮ ዶሮዋን እግሬ ሥር አስቀመጠች። ይቺን መንገድ ከአስቴር ጋር ስንቴ ተመላልሰንባታል፤ ዘመዶቿ በዚሁ በኩል ናቸውና። መኪና ላይ ሁልጊዜ በመስኮቱ በኩል የምትቀመጠው እሷ ነበረች፣ የሚታየውን ሁሉ የምትነግረኝም እሷ። አሁን በመስኮቱ በኩል ህሊና ነበረች። «አባዬ፣ ከምርቃቱ በፊት ረጅም ነው? ቶሎ ይደርሳል?» አለችኝ። ስልኳን አወጣች፣ መቅጃውን ሞከረችው፤ የእናቷን ድምፅ እዚያው በስልኳ ልትቀዳ ነው። «ኬኩ ከተቆረሰ በኋላ ነው» አልኳት። እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ተስፋዬ ወፍሯል፣ ፀጉሩም ሸሽቷል። ሳሎኑ ጥግ ላይ ያቺ አሮጌ ኮምፒውተር ልብሷን ለብሳ ተቀምጣለች። ከፈታት፣ አፏን ክፈቺ አላት፣ እምቢ አለች። አንድ ሽቦ ቀጥ አድርጎ ከፊቷ ካለችው ጠባብ ቀዳዳ ሲከተው መሳቢያው እያመነታ ወጣ። ሲዲውን ከእጄ ተቀብሎ በሸሚዙ ጠረገው፣ ከመሃል ወደ ዳር። አጎረሳት። ግርርር አለች። ህሊና ክንዴን ያዘችኝ። ጸጥ አለች፤ እንደገና ግርርር። ከዚያ ባሕሩ መጣ፣ ዘንባባው መጣ፣ ልቦቹ በረሩ። «ጎረሰች!» ብዬ ጮህኩ፤ የተስፋዬ ሚስት ከጓዳ ደንግጣ ወጣች።

ዘፈን ነበር። የዚያን ዘመን የሠርግ ዘፈን፣ ከበሮው ደረት የሚመታ። ድንኳናችን ታየ፤ እኔ ታየሁ፣ ትከሻዬ በሰፊው ኮት ውስጥ ጠፍቶ። የአስቴር ያጎት ልጅ ሲያላምጥ አለፈ። ኬኩ ተቆረሰ፣ ዘፈኑ ቀጥሏል። መቅደስ ዝቅ አለች። አስቴር እጇን ጫነችባት። ሕያው ሆና፣ ጥርሷ እየታየ፣ አፏን ከፈተች።

ከበሮው ቀጠለ።

«ተስፋዬ፣ ዘፈኑን ቀንሰውና እማዬን አሰማን» አለች ህሊና ስልኳን ወደ ስፒከሩ አስጠግታ።

ተስፋዬ እጁን ከኮምፒውተሯ ላይ አነሳ። እኔን ነው ያየኝ። «ጋሼ... ድምፅ እኮ የለውም» አለ።

«እንዴት የለውም?»

«ያኔ እንደዛ ነበር የምንሠራው። የሰዉን ድምፅ እናጠፋና ዘፈን እንጭንበታለን። ጄኔሬተሩ ይጮኻል፣ ዝናቡ ይጮኻል፤ ባለ ሠርጉም የሚፈልገው ዘፈኑን ነው። ሁሉም እንደዛ ነው የተሠራው።»

«ካሴቱስ? የቀረጽክበት ካሴትስ?» አለች ህሊና።

«ካሴት ውድ ነበር እህቴ። በሳምንቱ ሌላ ሠርግ ቀዳሁበት።»

ተቆጣሁ። «ውሸት ነው! ሰምቼዋለሁ! ስንት እሑድ የሰማሁትን! ‹ከጉድጓድሽ ቆጮ አይጥፋ› ነው የምትለው፣ ይኸው አሁን!» አልኩና ወደ ስክሪኑ ጠቆምኩ።

ተስፋዬ ጠጋ ብሎ የአስቴርን አፍ ተመለከተ፤ እሱ የዚሁ አገር ልጅ ነው። «ጋሼ፣ እትዬ አስቴር እዚህ ጋ በካፊኖኖ ነው የሚመርቁት። ይቺ ‹ዬሮ› ናት፣ እግዚአብሔርን ሲጠሩ። ከንፈራቸውን ይዩት፣ ሞጥሞጥ ሲል። ሌላው አይያዘኝም» አለ።

በካፊኖኖ። እውነቱን ነው፤ በዙሪያዋ የተቀመጡት ወንድሞቿ ናቸው፣ ልጇን በማን ቋንቋ ትመርቅ? እኔ ደግሞ ካፊኖኖ አላውቅም። በማላውቀው ቋንቋ የተባለውን እንዴት ቃል በቃል በአማርኛ ሰማሁት? ያቺ ሻከር ያለች ድምፅ፣ «ጨ» ላይ የምትጠነክረው፣ ሲዲው ላይ ኖራ አታውቅም። ከጎኔ ወንበር ላይ ነበረች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ እዚያ ያለችውን ራሷን የምትተረጉምልኝ እሷው ነበረች። እኔ ቂል፣ ወንበሩ ባዶ ከቀረ በኋላ ሲዲውን በላስቲክ እየጠቀለልኩ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩ። ኮምፒውተሩ አፍ ኖረው አልኖረው፣ ምን ይጎርስልኝ ነበር? ወንበር ስቤ ስክሪኑ ፊት ተቀመጥኩ።

ህሊና አላለቀሰችም። ስልኳን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ተስፋዬ መሬት መሬቱን እያየ «ምርቃቱን ከመጀመሪያው ልመልሰው?» አለ። «መልሰው፤ ዘፈኑን ግን አጥፋው» አለችው። ከበሮው ጠፋ። የኮምፒውተሯ ግርርታ ብቻ ቀረ። አስቴር እንደገና እጇን ጫነች፣ እንደገና አፏን ከፈተች።

«አባዬ፣ ምን እያለች ነው?» አለችኝ ህሊና። ወንበሯን አስጠግታ ጆሮዋን ወደኔ አዘነበለች።

«ዬሮ ይጠብቅሽ ትላለች» አልኩ። የገዛ ድምፄ አስጠላኝ፤ የሽማግሌ ድምፅ፣ ጎጃም ጎጃም የሚል። «ከጉድጓድሽ ቆጮ አይጥፋ፣ ቀፎሽ ባዶውን አይሰቀል። ደጅሽ ሰው አይጣ።» አስቴር ትቀድመኛለች፣ እኔ እከተላታለሁ፤ የትኛው ቃል ከየትኛው የከንፈሯ እንቅስቃሴ እንደሚገጥም አላውቅም፤ በግምት ነው። «ስትጠሪ የሚሰማሽ አትጪ» አልኩ። መጨረሻው እሱ ነበር። እኔ ሳልጨርስ እሷ አፏን ገጥማ ነበር።

ስክሪኑ ላይ ድንኳን ሙሉ ሰው በአንድ ላይ አፉን ከፈተ፤ ምን እንደሚሉ ለማወቅ ቋንቋ አያስፈልግም።

«አሜን» አለች ልጄ ከጎኔ።

እዚያ ያለችው ትንሿ ህሊና ግን እናቷ ጭን ላይ ተኝታለች።